ስለ ከተማ የጋራ ገንዘብና ስለ ጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ፤ በደብራችን የኀምሳኛ ዓመት በዓል የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ይህ ደብር ከተተከለ 50 ዓመት የተፈጸመበትን በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ጉባኤ ጥቂት ቃል እንድናገር የሰበካ ጉባኤው ስላዘዘኝ፤ ለማይገባኝ ለእኔ ይህ ክብር ስለ ተሰጠኝ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝም ርእስ የከተማ ምክር ቤት ስለ ሕዝብ መረዳጃ ገንዘብ፤ ስለ ባህልና ስለ ሰፈር መገልገያ የሚቈርጠውን ነገር የሚመለከት ነው። ይህን በሰማሁ ጊዜ በመጀመሪያ፤ «ይህ የሹማምንት ነገር ነው እንጂ የደብተራ ነገር አይደለም» ብዬ ነበር። ኋላ ግን ባሰብሁት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ገና በተወለደችበት ዘመን ስለ ገንዘብና ስለ ምግብ አከፋፈል ጉባኤ ማድረጓ ትዝ አለኝ፤ እኛም ራሳችን በዚሁ ነገር አንድ ጊዜ ተፈትነን እንደ ነበረ አስታወስሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አጫውታችኋለሁ፤ በመጨረሻም ስለዚህ በዓል አንድ ልመና እለምናችኋለሁ።

አስቀድሜ የበዓላችንን ስም ልተርጕም። ኢዮቤልዩ የሚባለው ቃል በዕብራይስጥ ከበግ ቀንድ መለከት ስም የወጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተደነገገው፤ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 49 ዓመት በተፈጸመ ጊዜ፤ በማስተሥረያ ቀን መለከት ይነፋል፤ ኀምሳኛውም ዓመት ይቀደሳል። በዚያም ዓመት የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ በድህነቱ ምክንያት ለባርነት ያደረ ሰው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ ይገባል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የእልልታና የግብር ዓመት ብቻ አይደለም፤ ሰዎች፤ «በእጄ ያለው የማን ነው?» ብለው መሬታቸውንና ሒሳባቸውን የሚመረምሩበት ዓመት ነው። ስለዚህ በበዓላችን ቀን ስለ ሜዳና ስለ ገንዘብ መናገራችን ከቦታው የወጣ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 6 የተጻፈው ነው። በኢየሩሳሌም የምእመናን ቍጥር በበዛ ጊዜ፤ የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች በዕብራውያን ላይ አጕረመረሙ፤ ይኸውም በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻቸው ተዘንግተው ስለ ነበረ ነው። ልብ አድርጉ፤ በዚያ ቦታ ገንዘብ ጠፋ አልተባለም፤ ሌባም ተያዘ አልተባለም፤ የጐደለው ማየት ብቻ ነበር። ሐዋርያትም ያጕረመረሙትን ሰዎች ዝም በሉ አላሏቸውም፤ ጉባኤውን ሁሉ ጠርተው፤ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ አደረጉ እንጂ። የተመረጡትም እስጢፋኖስ፤ ፊልጶስ፤ ጵሮኮሮስ፤ ኒቃሮና፤ ጢሞና፤ ጳርሜናና ኒቆላዎስ ናቸው። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ ከዚህም የተነሣ አያሌ መምህራን፤ ጉባኤው የእደላውን ሥራ አቤት ባሉት ወገኖች እጅ አኖረው ብለው ይተረጕማሉ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፤ የተዘነጋ ሰው አቤቱታ እንደ ዐመፅ መቈጠር አይገባውም። ሁለተኛ፤ የጋራ ገንዘብ በጋራ ምክር ይከፈላል። ሦስተኛ፤ የእደላ ምርመራ የሚጀምረው በጉባኤው ከተቀመጠው ሰው ሳይሆን በጉባኤው ካልተገኘችው መበለት ነው። የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅ ለይቶ እንደሚፈታ፤ የከተማ በጀትም እንደዚሁ ይፈታል። ሰሙ ቍጥሩ ነው፤ ይህን ያህል ለመንገድ፤ ይህን ያህል ለውኃ፤ ይህን ያህል ለበዓል ይላል። ወርቁ ግን ማን ታየ፤ ማንስ ተረሳ የሚለው ነው። ሰሙን ብቻ ያነበበ ሰው መዝገቡን አነበበ እንጂ ከተማውን አላነበበም።

ወገኖቼ ሆይ! የመረዳዳት ነገር ከምክር ቤትና ከማዘጋጃ ቤት ጋር የመጣ አይደለም። እኔ ራሴ ለዚህ ምስክር ነኝ። በቅኔ ቤት ሳለሁ ለምድ ለብሼ፤ አኩፋዳ አንግቼ፤ በየደጁ እየቆምሁ ቍራሽ ስለምን አድጌአለሁ። የትኛው ደጅ ውሻ እንዳለበት፤ የትኛውም ደጅ ባዶ እጅ እንደማይመልስ ዐውቅ ነበር፤ ደግሞም ባዶ እጅ የማይመልሰው ደጅ ሁልጊዜ የሀብታሙ ደጅ አልነበረም። መዝገብ ሳይኖረው፤ ጸሓፊም ሳይቀጠርለት፤ አንድ ሰፈር አንድ ጉባኤ ቤት ሙሉ ተማሪ ይቀልብ ነበር። እነዚያ እናቶች የሰጡኝን እንጀራ በቍጥር የምመልሰው አይደለምና ዛሬ ስለ ጋራ ገንዘብ ስናገር እንደ ባለዕዳ ሆኜ እናገራለሁ።

ዕድራችንንም ተመልከቱ። አባሉ ሁሉ ከወር ወር ያዋጣል፤ ዳኛው ይዳኛል፤ ጸሓፊው ይጽፋል፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በሕዝብ ፊት ያነባል። ድንኳኑ፤ አግዳሚ ወንበሩ፤ ብረት ድስቱ የአንድ ሰው አይደለም፤ የሁሉ ነው። ድሃና ሀብታም እኩል አዋጥተው በአንድ ድንኳን ይለቀስላቸዋል። እንግዲህ ሕዝባችን የጋራ ገንዘብ መያዝን ከማንም አልተበደረውም፤ ስለዚህ የከተማው ገንዘብ እንዴት እንደ ዋለ በጠየቀ ጊዜ የማያውቀውን ነገር ጠየቀ ሊባል አይችልም።

ስለ ከተማ አስተዳደር በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጥቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሁለት ነገር ይደነግጋል፤ ሁለቱንም አንድነት ማወቅ ለእኛ ይጠቅመናል። በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፤ አንዱም በሌላው ሥራ ጣልቃ እንዳይገባ ያዝዛል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን እንዲጠብቅ፤ ኪነ ጥበብንና ስፖርትንም እንዲረዳ ግዴታ ያደርግበታል። ስለዚህ የከተማ ምክር ቤት ቅዳሴያችንን ሊያዝልን አይችልም፤ እኛም የከተማውን ሙዳይ የቤተ ክርስቲያን ሙዳይ ልናደርገው አንችልም፤ ዳሩ ግን ሕዝብ ሁሉ የሚሰበሰብበት ሜዳ፤ የሚጠጣው ውኃና የሚጠበቀው ቅርስ የሁለታችንም ጕዳይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልመለስ። ከደብራችን በታች ያለውን የጥምቀተ ባሕር ሜዳ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። በ2009 ዓ.ም. ስለዚህ ሜዳ ሦስት ልመና በአንድ ጊዜ ለከተማችን ምክር ቤት ቀረበ። አንዱ ወገን፤ በሜዳው ዳር ሱቆች ተሠርተው ይከራዩና ኪራዩ ለከተማው ገቢ ይሁን አለ። የሰፈሩ ወጣቶች የኳስ ሜዳ ይሁንልን አሉ። እኛ ደግሞ ሜዳው ሁሉ በከተማው ገንዘብ በድንጋይ ይታጠርልን፤ የብረት በርም ይግባለት፤ ቍልፉም በደብሩ እጅ ይሁን አልን። ይህንንም እንድናገር የተላክሁት እኔ ነበርሁ።

እኔም ተነሥቼ ብዙ ተናገርሁ። የዮርዳኖስን ነገር አነሣሁ፤ የአባቶችን ድካም ተረክሁ፤ ጉባኤውም ዝም ብሎ ሰማኝ። ንግግሬ ያማረ መስሎኝ በተቀመጥሁ ጊዜ፤ እንጀራ እየጋገሩ የሚተዳደሩ አንዲት የሰፈራችን እናት ከኋላ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «የኔታ፤ ታቦቱ በሜዳው የሚያድረው አንድ ሌሊት ነው፤ እኛ ግን በቀረው 364 ቀን እንስራ አዝለን በሜዳው እናልፋለን። በሩ ሲቈለፍ ወደ ቦኖው በየት እንሂድ? ደግሞስ በከተራ ሌሊት ከሩቅ የመጣው ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ፤ የሚጸዳዳበትስ ሥፍራ አለው ወይ?» ቀጥሎም አንድ የሙስሊም ወገን ሽማግሌ ተነሥተው፤ «ሜዳው የጥምቀት ቦታ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ዳሩ ግን ልጆቻችን ከልጆቻችሁ ጋር የሚጫወቱበት ሌላ ሜዳ የላቸውም» አሉ።

እውነቱን ልናገርና፤ ያን ጊዜ ተቈጣሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ያቺ እናት የጠየቁኝ ከግብረ ሐዋርያት መሆኑ ገባኝ። ለዓመታት ለተማሪዎቼ የመበለቶችን ነገር ስተረጕም ኖሬ፤ መበለቲቱ በፊቴ ቆማ ስትናገር አላወቅኋትም ነበር።

ምክር ቤቱም ሦስት ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ እንዲህ ብሎ ቈረጠ። ሱቆቹ አይሠሩ፤ ሜዳውም አይታጠር፤ ነገር ግን በከተማው ካርታ ላይ የሕዝብ የጋራ ሜዳ ተብሎ ይመዝገብና ቤት አይሠራበት። ከጥር 9 ቀን እስከ ጥር 12 ቀን ለበዓሉ ብቻ ይጠበቅ፤ በቀረው ጊዜ ለሁሉ ክፍት ይሁን። በከተማው ገንዘብ ሁለት ቦኖና የሕዝብ መጸዳጃ ይሠራ፤ ድንጋዩንና ጕልበቱን ሕዝቡ ያዋጣ። በዚህ ውሳኔ በደብራችን ብዙ ሰው አዘነ፤ ተሸነፍን ያለም ነበረ። ነገር ግን በሚቀጥለው ከተራ ሌሊት ከሩቅ ገጠር የመጡ ባልቴቶች ከቦኖው ውኃ ሲጠጡ ባየሁ ጊዜ፤ አጥር ብንሠራ ኖሮ ይህን እንደማናይ ዐወቅሁ። ሜዳውን የጠበቀልን ድንጋይ አይደለም፤ ሁሉ የእኔ ነው ማለቱ ነው። የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ሊወሰድብን ይችል ነበር፤ የሁሉ ስለ ሆነ ግን የሚደፍረው አልተገኘም።

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፤ ሕዝብ በጠባብ ቦታ እንዳይጨናነቅ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር። ጃንሜዳ የብዙ አድባራት ታቦታት ለጥምቀት የሚያድሩበት ሜዳ ነው። ምክንያቱ የሰው ነፍስ ማዳን ነበረና ነቀፋ የለውም፤ በችግር ቀን ሜዳ ለሕዝብ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ይሁን እንጂ ወራቱ እየገፋ ጥምቀት በቀረበ ጊዜ የብዙ ምእመናን ልብ ታወከ። በ2013 ዓ.ም. ገበያው ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ፤ ሜዳው ጸዳ፤ በዓሉም በቦታው ተከበረ። ይህም የኢዮቤልዩን ሕግ ይመስላል፤ ለችግር የተሰጠ ቦታ ጊዜው ሲደርስ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ ማንኛውም ምክር ቤት የጋራ ቦታን ለጊዜው በሰጠ ጊዜ፤ የሚመለስበትን ቀን በዚያው ውሳኔ ላይ መጻፍ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ኀዘን ያለበት ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓላችን በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ በኋላ በ40ኛው ቀን፤ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፤ በጎንደር በዐፄ ፋሲል መዋኛ ሕዝብ ተሰብስቦ በዓሉን ሲያከብር ለተመልካቾች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ከ10 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። ነፍሳቸውን ይማር። ይህን የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ዓለም የሰጠን ክብር እንጨትን አያጸናም፤ ምስማርንም አያጠብቅም ለማለት ነው። ብዙዎች ባህል ሲባል ከበሮ፤ ጥላና ጸናጽል ብቻ ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን መቀመጫውን አስቀድሞ የሚመረምር የዐናጢ ደመወዝ፤ የመውጫው ስፋት፤ የቈሰለውን የሚያነሣ ቃሬዛ፤ እነዚህ ሁሉ የባህል ወጪ ናቸው። በከተማ በጀት ለበዓሉ ድምቀት ገንዘብ ተጽፎ ለበዓለኛው ነፍስ ካልተጻፈ፤ በጀቱ ጐደሎ ነው።

ደግሞም ከአገራችን በዚሁ የቅርስ መዝገብ የገባው የእኛ በዓል ብቻ አይደለም። መስቀል በ2006 ዓ.ም.፤ የሲዳማ ፊቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም.፤ የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም.፤ የሐረር ሸዋል ዒድ በ2016 ዓ.ም. ተመዝግበዋል። ስለዚህ ምክር ቤታችን ለእኛ በዓል ውኃና ጥበቃ ሲሰጥ እንደምንደሰት፤ ለጎረቤቶቻችንም በዓል በሰጠ ጊዜ መደሰት ይገባናል። ለራሱ በዓል ብቻ ገንዘብ የሚለምን ሰው ስለ ባህል ተናገረ አይባልም፤ ስለ ራሱ ተናገረ እንጂ።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጕድለት ልናገር፤ የሌላውን ብቻ መናገር ለመምህር አይገባውምና። በሜዳችን የተሠራው መጸዳጃ በሁለተኛው ዓመት ተቈለፈ። ምክንያቱም ለመሥሪያው ገንዘብ ተቈርጦ ሳለ፤ ለሚጠርገውና ለሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ማን እንደሚከፍል የቈረጠ አልነበረም። ምክር ቤቱ፤ «እኛ ሠርተናል» ይላል፤ እኛም፤ «የከተማው ነው» እንላለን፤ በመካከሉ ሕዝቡ ወደ ቅጥራችን ጀርባ ይሄድ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ኋላ የሰፈሩ ዕድሮች፤ የሰበካ ጉባኤያችንና የኳስ ወጣቶች አንድ ኮሚቴ አቋቁመው ከወር ወር እያዋጡ ጠባቂ ቀጠሩ፤ በሩም ተከፈተ። ከዚህ የምንማረው፤ መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን መጠበቅ ግን የዕለት ተዕለት ሥራ መሆኑን ነው። የመጠበቂያው ገንዘብ ያልተቈረጠለት ሥራ በምረቃው ቀን መፍረስ ጀምሯል።

ሌላም ጕድለት አለን። ይህ ኮሚቴ ሒሳቡን በየሦስት ወሩ በሕዝብ ፊት እንዲያነብ ተስማምተን ነበር። ዳሩ ግን አንድ ዓመት አለፈው፤ ሒሳቡ አልተነበበም። ገንዘቡ ጠፍቷል አልልም፤ በኢየሩሳሌምም ገንዘቡ ጠፍቷል ያለ አልነበረም። ሳይነበብ የቀረ ሒሳብ ግን ንጹሑን ሰው ሳይቀር ያሳማዋል። የከተማውን ምክር ቤት ሒሳብ አሳየን የምንል ሰዎች የራሳችንን መዝገብ ሸፍነን መቀመጥ አንችልም። እኔም ከኮሚቴው አንዱ ስለ ሆንሁ ወቀሳው በእኔ ላይ ይጀምር።

ወገኖቼ ሆይ! እንግዲህ ልመናዬን ልናገር። ለዚህ በዓል መታሰቢያ የሚሆን ትልቅ የድንጋይ በር ለማሠራት ከከተማው ገንዘብ እንድንለምን ሐሳብ መቅረቡን ሰምቻለሁ። የሐሳቡ ባለቤቶች ደብራቸውን ስለሚወዱ ነው፤ ቅንዓታቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን የበሩን ገንዘብ ከከተማው አንለምን እላለሁ። በሩ የእኛ ነውና ከእኛ ሙዳይ፤ ከእኛ ስእለት፤ በውጭ አገር ካሉትም ልጆቻችን ስጦታ ይሠራ፤ ዘንድሮ ባይፈጸም በሚመጣው ዓመት ይፈጸማል። ከከተማው የምንለምነው ሁሉ የሚካፈለውን ይሁን። ይኸውም ከገበያው ወደ ሜዳው የሚወርደው መንገድ በክረምት ጐርፍ እየቦረቦረው ሽማግሌዎች ይወድቁበታልና ቦይ እንዲበጅለት፤ ደግሞም መብራት በቤታቸው የሌላቸው ልጆች፤ የማንም እምነት ልጆች ቢሆኑ፤ ሌሊት የሚያጠኑበት አንድ የንባብ ቤት እንዲሠራ ነው። ለንባብ ቤቱም እኛ መጻሕፍትና የሚጠብቅ ሰው እንስጥ፤ ባዶ እጁን የሚለምን ሰው ቃሉ አይሰማምና። የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፤ ጽሑፋችን ከዚያ አስቀድሞ ይድረስ፤ የጠባቂው ደመወዝ ከየት እንደሚከፈልም በዚያው ይጻፍበት።

ለዚህም ጕባኤ ስንቀመጥ ካህናትና ሽማግሌዎች ብቻ እንዳንቀመጥ እለምናለሁ። ያቺ እንጀራ ጋጋሪ እናት ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በመካከላችንም ተቀምጠዋል። በፊተኛው ወንበር ይቀመጡ፤ አስቀድመውም ይናገሩ። ከእሳቸው በኋላ እኛ ብንናገር ንግግራችን ያጥራል፤ ፍሬውም ይበዛል። የኮሚቴውም ሒሳብ የዚህ በዓል ሳምንት ሳይፈጸም በዚሁ ዐውደ ምሕረት ይነበብ፤ ይህም የኢዮቤልዩ መለከታችን ይሁን።

ከዛሬ 50 ዓመት በኋላ በዚህ ቦታ የሚቆም ሰው እኛን በስማችን ላያውቀን ይችላል፤ በሜዳው ግን ያውቀናል። ሜዳው ክፍት፤ ውኃው የሚወርድ፤ መንገዱ የቀና ሆኖ ቢያገኘው፤ «አባቶቻችን የጋራውን በጋራ ጠበቁት» ይላል። ይህን ለማለት ያብቃው።

አምላካችን ከተማችንን በሰላም ይጠብቅልን፤ ለሚመክሩት ሹማምንት ልቡና፤ ለሚታዘዘው ሕዝብ ትዕግሥት፤ ለእኛም ለካህናቱ የሚሰማ ጆሮ ይስጠን። 

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።